የክፍለ ሀገር አውሮፕላን ማረፊያዎችና የአርባ ዓመቱ ውል

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ካስቴሎሪዞ የምትባለው የግሪክ ደሴት ከቱርክ ጠረፍ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿም ከጥቂት መቶ የማይበልጡ ትንሽ የድንጋይ ምድር ናት። የአውሮፕላን መንደርደሪያዋ ርዝመት 800 ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። እ.ኤ.አ. አፕሪል 23 ቀን 2010 የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆርጅ ፓፓንድሬው በዚህችው ደሴት ወደብ ላይ ቆመው፣ አገራቸው የዕዳዋን ሸክም ብቻዋን መሸከም ስላልቻለች የአውሮፓ ኅብረትንና የዓለም የገንዘብ ድርጅትን ርዳታ እንደምትጠይቅ ለሕዝባቸው በቴሌቪዥን አስታወቁ። ከዚያ ዕለት በኋላ ከተከተሉት ብዙ ግዴታዎች አንዱ የመንግሥትን ንብረት ወደ ግል ይዞታ ማዛወር ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ የ14 የክፍለ ሀገር አውሮፕላን ማረፊያዎች አስተዳደር ለአንድ ኩባንያ ሲተላለፍ፣ ንግግሩ የተደረገባት ካስቴሎሪዞ ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። ለምን እንዳልነበረች፣ አለመኖሯስ ምን እንዳስከተለ መመርመር የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።)

የውሉ ታሪክ አጭር ነው። የግሪክ መንግሥት ንብረቶችን ለመሸጥ የተቋቋመው ድርጅት በኖቬምበር 2014 የጀርመኑን ፍራፖርትንና የግሪኩን የኮፔሉዞስ ቡድን በአንድነት አሸናፊ አድርጎ መረጠ። በጃንዋሪ 2015 በምርጫ ሥልጣን የያዘው አዲስ መንግሥት ሽያጩን ይቃወም ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት በበጋ ሦስተኛውን የብድር ስምምነት ለመፈረም ሲገደድ ሽያጩንም አብሮ ተቀበለ። ውሉ ዲሴምበር 14 ቀን 2015 ተፈረመ፤ ኩባንያው ማረፊያዎቹን የተረከበው ደግሞ አፕሪል 11 ቀን 2017 ነው። ከየብሱና ከምዕራቡ ባሕር ተሰሎንቄ፣ ካቫላ፣ አክቲዮ፣ ኮርፉ፣ ኬፋሎንያና ዛኪንቶስ፣ ከቀርጤስ ደሴት ሃንያ፣ ከኤጌ ባሕር ደግሞ ሮዶስ፣ ኮስ፣ ሳንቶሪኒ፣ ሚኮኖስ፣ ሳሞስ፣ ሚቲሊኒና ስኪያቶስ በውሉ ተጠቃለሉ። የውሉ ዘመን 40 ዓመት ነው።

«ወደ ግል ይዞታ ተዛወረ» የሚለው አነጋገር በዚህ ረገድ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። ፍራፖርት በአክሲዮን ገበያ የሚሸጥና የሚለወጥ ኩባንያ ቢሆንም፣ ከአክሲዮኑ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የጀርመኑ የሄሰን ክፍለ ሀገርና የፍራንክፈርት ከተማ ሀብት ነው። ለሥራው ከተገኘው 968 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ብድር ውስጥም ከአበዳሪዎቹ አምስት ድርጅቶች የግል ባንክ የሆነው አልፋ ባንክ ብቻ ነበር፤ የቀሩት አራቱ፣ የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክን የመሳሰሉ በመንግሥታት የተመሠረቱ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ናቸው። እንግዲህ የግሪክ ሕዝብ ንብረት የተላለፈው በአመዛኙ የሌላ ሕዝብ ንብረት ለሆነ ድርጅት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በጊዜው ብዙ ግሪካውያንን ያስቆጣውም ይኸው፣ አበዳሪው አገር መልሶ ገዢ ሆኖ መምጣቱ ነበር። ቁጣው የሚገባ ነው፤ ሆኖም መሐንዲሱን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው የባለቤቱ ዜግነት ሳይሆን ውሉ የታሰረበት መንገድ ነው።

ኩባንያው በርክክቡ ዕለት 1 ቢሊዮን 234 ሚሊዮን ዩሮ በአንድ ጊዜ ከፈለ። ከዚህ በተጨማሪ ከዋጋ ግሽበት ጋር እየተስተካከለ የሚሄድ፣ በመጀመሪያ 22.9 ሚሊዮን ዩሮ የሆነ ቋሚ ዓመታዊ ኪራይ፣ በኋላም ወለድ፣ ግብርና የዕርጅና ቅናሽ ከመነሣቱ በፊት ካለው ትርፍ 28.5 በመቶ ለመክፈል ተዋዋለ። ለእነዚህ ክፍያዎች በለውጡ ያገኘው ማረፊያዎቹን የማስተዳደር፣ የማስፋፋትና ከአየር መንገዶችና ከመንገደኞች ቀረጥ የመሰብሰብ መብት ነው። የአየር ትራፊክ ቁጥጥር በመንግሥት እጅ ቀረ። መሬቱም የመንግሥት እንደሆነ ቆየ።

ከሙያ አንጻር የውሉ መልካም ጎን በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ታይቷል። ኩባንያው በ48 ወር ውስጥ ተለይተው የተጻፉ የግንባታ ሥራዎችን እንዲፈጽም ግዴታ ተጥሎበት ነበር፤ ከመንገደኛው የሚሰበስበውንም ቀረጥ ወደ ከፍተኛው እርከን ማድረስ የሚችለው እነዚህ ሥራዎች ሲያልቁ ነበር። ይህች አንዲት አንቀጽ ከብዙ ተቆጣጣሪ መሐንዲሶች ይልቅ ሠርታለች ለማለት ያስደፍራል። በተሰሎንቄ፣ በኮርፉ፣ በኬፋሎንያ፣ በኮስና በሚቲሊኒ አዳዲስ የመንገደኞች ሕንፃዎች ተሠሩ፤ በአምስት ማረፊያዎች ነባሮቹ ሕንፃዎች ተስፋፉ፤ በቀሩት አራቱ ታደሱ። ለሁሉም 440 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ወጣ። ሥራውም ወረርሽኙ ዓለምን ባዘጋበት ጊዜ እንኳ ሳይቋረጥ፣ ከተወሰነለት ቀን ቀድሞ በጃንዋሪ 2021 ተጠናቀቀ።

የደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ከሌላው የሚለይበት ጠባይ እዚህ ላይ ሊነገር ይገባል። እንደ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ባሉ ደሴቶች በክረምት ወራት ሕንፃው ጭር ይላል፤ በጁላይና በኦገስት ግን ከየአገሩ የመጡ አውሮፕላኖች በአንድ ሰዓት ውስጥ ተደራርበው ይወርዳሉ። ስለዚህ ሕንፃው የሚለካው በዓመቱ የመንገደኛ ድምር ሳይሆን መንገደኛ በሚበዛበት በዚያ ሰዓት ነው። የሻንጣ መመርመሪያው፣ የፓስፖርት መስኮቱ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ብዛት፣ የፍሳሽ ማጣሪያው ዐቅም፣ አውሮፕላን የሚቆምበት ሜዳ ስፋት ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት ተብሎ ይሠራና የቀሩትን ወራት ሥራ ፈትቶ ይከርማል። በአንጻሩ የመንደርደሪያው አስፋልት የዕረፍት ወራት የለውም። በላዩ የሚያልፈው አውሮፕላን ጥቂትም ይሁን ብዙ፣ ሬንጁ በፀሐይ ይደርቃል፤ በባሕር ጨውና በዝናብ ይሰነጠቃል፤ ጠጠሩ መላቀቅ ሲጀምርም ለሞተር አደገኛ ይሆናል። ዕድሳቱ ደግሞ መሠራት ያለበት በረራ በሚያንስበት ወቅትና ሰዓት፣ ማረፊያው ሳይዘጋ፣ ከተቻለም በየሌሊቱ እየተከፋፈለ ነው። በአጭሩ የሕንፃው ወጪ የመንገደኛውን ቁጥር ይከተላል፤ የመንደርደሪያው ወጪ ግን በአመዛኙ አይከተለውም። አንድ መቶ ሰው የሚያስተናግድ ማረፊያና አንድ ሚሊዮን ሰው የሚያስተናግድ ማረፊያ እኩል ደኅንነት ያለው አስፋልት፣ መብራት፣ አጥርና የእሳት አደጋ መኪና ያስፈልጋቸዋል።

የአውሮፕላን ማረፊያዎችን በመረብ ማስተዳደር ትርጉም የሚኖረው ከዚህ የተነሣ ነው። ትርፍ ያለው ጣቢያ ትርፍ የሌለውን ይሸከማል፤ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች፣ የመለዋወጫ ዕቃና የምርመራ መሣሪያም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። በ14ቱ ውስጥ ይህ በእርግጥ ሲሠራ ታይቷል። ለዚህ የሚቲሊኒ ጣቢያ ጥሩ ምስክር ናት። የምታገለግላት የሌስቦስ ደሴት እንደ ሮዶስ ወይም እንደ ኮርፉ የጎብኚ ጎርፍ የማይደርስላት፣ በ2015 ደግሞ ከቱርክ በጀልባ የሚሻገሩት ስደተኞች ከሁሉ ይልቅ የደረሱባት ደሴት ነበረች። ሆኖም ከቀለበቱ ውስጥ ስለነበረች አዲስ የመንገደኞች ሕንፃ አገኘች። በደቡብ የምትጎራበታት ሒዮስ ከቀለበቱ ውጭ ቀረች፤ መንደርደሪያዋ 1,500 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ተራው የጎብኚዎች ጄት በሙሉ ጭነት እንዲገለገልበት አያመችም። ሁለቱ ደሴቶች አንድ ባሕር፣ አንድ የአየር ጠባይ፣ አንድ ጠረፍ አላቸው። የለያቸው ሻጩ በወረቀት ላይ ያሰመረው መስመር ነው።

መስመሩ ለምን እንዲህ ተሰመረ? መልሱ ከባድ አይደለም። ሻጩ ብዙ ጥሬ ገንዘብ በአንድ ቀን ይፈልግ ነበር፤ ገዢ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚከፍለው ጎብኚ ለሚጎርፍባቸው ጣቢያዎች ነው። እንደ ካስቴሎሪዞ፣ አስቲፓሌያና ሌሮስ ያሉትን ቢጨምሩበት የጨረታው ዋጋ ይወርዳል። ስለዚህ 14ቱ ተመረጡ፤ 23ቱ በመንግሥት እጅ ቀሩ። በቅርጫ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ሙዳ ሙዳው አስቀድሞ ከተነሣ የቀረው መደብ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። 1.234 ቢሊዮኑ ዩሮ በሒሳብ ቋንቋ ሲተረጎም የ14ቱ ማረፊያዎች የአርባ ዓመት ትርፍ ከፊሉ ተሰብስቦ በአንድ ቀን የተከፈለ ማለት ነው። ያ ትርፍ ደካሞቹን ጣቢያዎች ለማደስ ሊውል ይችል ነበር፤ ገንዘቡ ግን ለዕዳው ተፈለገ። የ23ቱ አስፋልት እስከ አሁን በፀሐይ መድረቁን አላቆመም።

ነገሩን በፍትሕ ለመመዘን የገዢውም ሥጋት መጠቀስ አለበት። በ2019 በ14ቱ ማረፊያዎች ከ30 ሚሊዮን በላይ መንገደኞች አለፉ፤ በ2020 ግን ቁጥሩ ወደ 8.6 ሚሊዮን ወረደ። ኩባንያው ግንባታውን ሳያቋርጥ ይህን ተቋቁሟል። ነገር ግን ብቻውን አይደለም የተቋቋመው፤ በ2021 የግሪክ መንግሥት በወረርሽኙ ምክንያት ካሣ የሚሆን የኪራይ እፎይታ ሰጥቶታል። በ2024 የመንገደኛው ቁጥር ወደ 36 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚህ የሚታየው፣ የመልካሙ ዘመን ትርፍ በውል ሲከፋፈል የክፉው ዘመን ኪሳራ በከፊል ወደ ግምጃ ቤት ተመልሶ መምጣቱን ነው። የ23ቱ ኪሳራ ደግሞ መጀመሪያውኑ ከዚያው አልወጣም። ለሩቆቹ ደሴቶች የሚደረጉትንም በረራዎች አየር መንገዶች በድጎማ እንዲያካሂዱ የሚያደርገው መንግሥት ነው። ከሮዶስ ተነሥታ ካስቴሎሪዞ የምትወርደው ትንሽ አውሮፕላን የምትነሣው ከኩባንያው ሜዳ፣ የምታርፈው በመንግሥት ሜዳ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማየት ወደ ሜክሲኮ መሻገር ይጠቅማል። ሜክሲኮ በ1995 የአውሮፕላን ማረፊያ ሕግ ካወጣች በኋላ፣ በ1998 ጣቢያዎቿን በቡድን በቡድን ከፍላ ለ50 ዓመት በኮንሴሽን መስጠት ጀመረች። ሲከፋፈሉ ግን በእያንዳንዱ መደብ ውስጥ ሙዳውም አጥንቱም እንዲኖር ተደረገ። የደቡብ ምሥራቁ ቡድን ጎብኚ የማይጠፋባትን ካንኩንን ሲወስድ ሚናቲትላንንና ታፓቹላን አብሮ መቀበል ነበረበት። ድምሩ ዘጠኝ ጣቢያ ነው። የፓሲፊኩ ቡድን 12፣ የመካከለኛውና የሰሜኑ ቡድን 13 ደረሳቸው። ኩባንያዎቹ ለእያንዳንዱ ጣቢያ የልማት ፕላን አዘጋጅተው በየአምስት ዓመቱ በመንግሥት ያስጸድቃሉ፤ በፕላኑ የገቡበትን ሥራ መፈጸም ግዴታቸው ነው። ይህም ቢሆን እንከን አላጣውም። በ2023 መንግሥት የታሪፉን ደንብ ለወጠ፤ ከጠቅላላ ገቢ ይወሰድ የነበረውንም 5 በመቶ ወደ 9 በመቶ ከፍ አደረገው። የሃምሳ ዓመት ውል ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ዐይነት መንግሥት አያገኝም። ይሁን እንጂ የታፓቹላ መንደርደሪያ ጠያቂ አለው፤ በፕላኑ ውስጥ በስሙ የተመዘገበ ሥራና ሥራውን ባይፈጽም የሚጠየቅ ድርጅት አለ።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ መሐንዲሶችም እንግዳ አይደለም። ግሪክ 14ቱን ባስረከበችበት በ2017 የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ድርጅት ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ጋር ተዋሕዷል፤ ቦሌና የክፍለ ሀገሮቹ ጣቢያዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው ማለት ነው። በ2018 ደግሞ ከአየር መንገዱ ድርሻ በከፊል ለግል ባለሀብት እንደሚሸጥ በመንግሥት ተነግሮ እንደነበረ ብዙዎች ያስታውሳሉ። እንዲህ ያለ ነገር ወደፊት ዳግመኛ ቢነሣ፣ ክርክሩ በዋጋው ላይ ብቻ እንዳይሆን ከመሐንዲሱ ወገን የሚቀርብ ዝርዝር ያስፈልጋል፤ የትኛው መንደርደሪያ መቼ እንደሚታደስ፣ ከየትኛው ጣቢያ ገቢ እንደሚታደስ፣ መስመሩም በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያሳይ። እንዲህ ያለው ዝርዝር ከጨረታው በፊት ካልተጻፈ ከጨረታው በኋላ የሚጽፈው ገዢው ነው።

ግሪክ ውስጥ መስመሩ መንቀሳቀሱን አላቆመም። ከ23ቱ መካከል ጎብኚ ሊስብ የሚችለው የካላማታ ጣቢያ በፔሎፖኔዝ ደቡብ ይገኛል። ለእርሱም ብቻውን ጨረታ ወጣና በ2024 ፍራፖርት ያለበት ማኅበር ለ40 ዓመት እንዲያስተዳድረው ተመረጠ። ካላማታ ከዝርዝሩ ሲወጣ የሚቀሩት 22 ናቸው፤ ካስቴሎሪዞም ከእነርሱ አንዷ ናት።