ሜዳውም ትምህርት ቤት ነው



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መፀው ወራት ትምህርት ነው። መፀው በቀን መቁጠሪያችን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ ነው። ዝናቡ ያባራል። ጭቃው ይደርቃል። አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል። ገብሱ፣ ስንዴውና ጤፉ በየተራቸው ለአጨዳ ይደርሳሉ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ላይ ይገኛል። ትንሽ ነው። ክፍሎቹ ጠባብና ጨለም ያሉ ናቸው። ስለዚህ መፀው ሲገባ ልጆቹን ይዘን ወደ ውጭ እንወጣለን። እዚያ የምንሠራውን ልንገራችሁ።

አንደኛው ሥራችን ጥላ መለካት ነው። የአንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት እንተክላለን። እኩለ ቀን ላይ፣ ጥላው በጣም ባጠረ ጊዜ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ እናስቀምጣለን። በሳምንቱ ተመልሰን ስናይ ጥላው ከድንጋዩ አልፎ ይገኛል። በእኛ አካባቢ መስከረም 26 ቀን የእኩለ ቀኑ ጥላ 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ታኅሣሥ 12 ወይም 13 ሲደርስ 67 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማጠር ይጀምራል። ይህ የሚሆነው መሬት ዘንበል እንዳለች ፀሐይን ስለምትዞር ነው። በመፀው የእኩለ ቀን ፀሐይ ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ትርቃለች፤ ጥላችንም ወደ ሰሜን ይረዝማል።

ሁለተኛው ሥራችን አፈር መመርመር ነው። በጠርሙስ ውስጥ ጥቂት አፈር እንጨምራለን። ውሃ ሞልተን በደንብ እንበጠብጠዋለን። ከዚያም አስቀምጠን እናያለን። አሸዋው ቶሎ ወደ ታች ይወርዳል። ደቃቁ አፈር ከላዩ ይተኛል። ከሁሉም የደቀቀው ሸክላ አፈር ግን ውሃው ላይ ይቆያል፤ ለመዝቀጥ አንድ ቀንም ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ በክረምት ወንዙ ለምን እንደሚደፈርስ ይገባቸዋል። የደፈረሰው ውሃ የማሳችንን ለም አፈር ተሸክሞ እየሄደ ነው።

ሦስተኛው ሥራችን መሬት መለካት ነው። 10 ሜትር የሚሆን ገመድ ወስደን በየሜትሩ እንቋጥረዋለን። በዚያ ገመድ ግቢያችንን እንለካለን። ርዝመቱን በወርዱ እናባዛለን። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። በእኛ አካባቢ አንድ ጥማድ የሚባለው የሄክታር ሩብ ነው። ይህም 2,500 ካሬ ሜትር ማለት ነው።

አሁን የገጠመኝን ልንገራችሁ።

አንድ ዓመት ኅዳር ላይ የስም መጥሪያውን ስከፍት የቀሪው ምልክት በዛብኝ። ከቀሩት ልጆች አንዷ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ጎበዝ ልጅ ናት። ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አባቷ ከማሳው ዳር አገኙኝ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ምነው ቀረች?» አልኳቸው።

«መምህር፣ ስንዴው ደርሷል። ዝንጀሮው ደግሞ ሊጨርሰው ነው። እናንተም ሜዳ ላይ ነው የምታውሏት አሉ። ለሜዳውማ የእኔም እርሻ ሜዳ ነው። እዚህ ብትውል ዝንጀሮ ታባርርልኛለች» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር መልስ አጣሁ። ነገራቸው ከባድ ነው። ሰብሉ ከጠፋ ቤተ ሰቡ ምን ይበላል? ልጅቷስ ደብተር በምን ይገዛላታል?

ጥቂት ዝም ብዬ ቆየሁና «ይህ ማሳ የእርስዎ ነው?» ስል ጠየቅኋቸው።

«የለም፣ በኪራይ የያዝኩት ነው። አንድ ጥማድ ነው» አሉ።

ልጅቷ ሰማች። «አባባ፣ ልለካው?» አለች። አባቷ ሳቁ። እሷ ግን የከብት ገመድ አምጥታ በእኔ ሜትር ለክታ ቋጠረችው። ታናሽ ወንድሟ አንዱን ጫፍ ያዘላት። በማሳው ዳር ዳር ዞሩ። ርዝመቱ አምስት ገመድ ሆነ፤ 50 ሜትር ማለት ነው። ወርዱ አራት ገመድ ሆነ፤ 40 ሜትር ማለት ነው። 50 በ40 ሲባዛ 2,000 ይሆናል። ከጥማዱ 500 ካሬ ሜትር ጎደለ። ከአምስት እጅ አንዱ የለም!

አባቷ «እንደገና ለኪው» አሉ። እንደገና ለካችው። ያው ነው። ለካስ ከሚከፍሉት ኪራይ ከአምስት ብር አንዱ ለሌለ መሬት ኖሯል! ማዳበሪያም የሚገዙት በዚያው ግምት ነበር። ባለመሬቷ ሊያታልሉ አስበው አልነበረም። እሳቸውም ማሳውን የሚያውቁት በዓይን ግምት ነው። በኋላ ሽማግሌ ባለበት ዳግመኛ ተለክቶ የሚቀጥለው ዓመት ኪራይ ተስተካከለ።

ልጅቷ በማግሥቱ ትምህርት ቤት መጣች። ዝንጀሮውስ? የሰፈሩ ሰዎች ተነጋግረው ጥበቃውን በተራ አደረጉት። እኛም የአጨዳው ሰሞን እስኪያልፍ ለትልልቆቹ ልጆች ትምህርቱን ጠዋት ጠዋት አደረግነው። ብዙዎቹ ተመለሱ። ሦስት ልጆች ግን በዚያ ዓመት አልተመለሱም። ይህን ሳስታውስ እስካሁን ይቆጨኛል። ቀደም ብዬ በጥቅምት ወላጆችን ባነጋግር ኖሮ ምናልባት አይቀሩም ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ከዛፍ ሥር መማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ በዛፍ ጥላ ሥር ተምሯል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ብዙ አዋቂዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል። ስለዚህ ልጃችሁ «ዛሬ ውጭ ዋልን» ሲላችሁ «በከንቱ ዋለ» አትበሉ። «ምን ለካችሁ? ምን አያችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት።

እናንተም ሞክሩት። በዚህ ሳምንት ከደጃችሁ አንድ እንጨት ትከሉ። የእኩለ ቀኑን ጥላ ለኩ። ከዚያም በደብተራችሁ ላይ ቀኑንና ልኩን በገዛ እጃችሁ ጻፉ። በሳምንቱ እንደገና ጻፉ። የተማራችሁት ፊደል ሥራ ካላገኘ ይረሳል። ሥራ ካገኘ ግን አብሯችሁ ይኖራል።

የሥራው ወራት ሲመጣም ልጃችሁን ከትምህርት ከማስቀረታችሁ በፊት አንድ ጊዜ መምህሩን አነጋግሩ። ጎረቤትም አማክሩ። መላ አይጠፋም።

ደኅና ሁኑ።