ጋቢና ውስጥ ያለው 24 ቮልት

እሱ፦ ቡሬ ላይ በቆሎ ለመጫን ወረፋ ለሚጠብቅ የአይሱዙ ሹፌር ጋቢናው ቤቱ ነው። ያድርበታል፣ ቴፕ ይሰማበታል፣ ስልኩን ቻርጅ ያደርግበታል።

እሷ፦ መብራቱን ከየት ያገኛል?

እሱ፦ ከባትሪ ነዋ!

እሷ፦ ከየትኛው? የብዙ አይሱዙ ባትሪ ሁለት ነው፤ ባለ 12 ቮልቶቹ በተከታታይ ታስረው 24 ይሰጣሉ። ቴፑ የሚፈልገው 12 ስለሆነ ከአንዱ ብቻ ሽቦ ይስባሉ። ያ ባትሪ ይደክማል፤ ጓደኛው ከልክ በላይ እየሞላ ይፈላል። ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ከሁለቱም ወስዶ ወደ 12 የሚያወርድ መቀነሻ ማስገጠም ይሻላል።

እሱ፦ ፊውዝ ሲቃጠልስ? ፍኖተ ሰላም እስኪደርሱ ብለው በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልለው የሚመልሱ አሉ።

እሷ፦ እሱንስ አታንሳብኝ! ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። በዚያው አምፔር ይተካ፤ ከደገመ የተላጠ ሽቦ ይፈለግ።

እሱ፦ ባትሪ ሲፈታስ?

እሷ፦ ሞተር ጠፍቶ፣ መጀመሪያ ከሻንሲው የታሰረው ነጌቲቭ፤ ሲታሰር ደግሞ እሱ መጨረሻ። እንዲህ ከሆነ መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካ እንኳ እሳት አይረጭም። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ሲጋራ ይራቅ።

እሱ፦ ሹፌሮቻችን፣ ዛሬ ከመተኛታችሁ በፊት ያ የሳባችሁት ሽቦ ፊውዝ እንዳለው እዩልን።