አምቡላንሱ እንዳይቆም፤ ዘይት መቼ ይቀየር?

ወገኖቻችን፤ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዘይት ነው። ወጥ ስለሚሠራበት ዘይት ግን አይደለም፤ መኪና ስለሚጠጣው ዘይት ነው። «እኛ በሬ እንጂ መኪና የለን፤ ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ያገባናል። ምጥ የጠናባትን እናት በጭቃና በዳገት አልፎ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው አምቡላንስ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ነው። ይህ መኪና በሌሊት ሲጠራ ካልተነሣ፣ የሚጎዳው ሾፌሩ ብቻ አይደለም። እናቲቱና ልጇ ናቸው።

ጠንካራ የሚባለው መኪና እንኳ በጊዜው ባልተቀየረ ዘይት ምክንያት ይቆማል። ታዲያ ዘይቱ መቼ ይቀየር? ጊዜው መድረሱን ማን ይወቅ? ቁጥር ማንበብ የቻለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይችላል። እንዴት እንደሆነ እንይ።

ዘይት ምን ይሠራል?

ሁለት መዳፋችሁን አጥብቃችሁ ፈትጉ። ይሞቃሉ፣ አይደል? ብረትም ከብረት ጋር ሲፋተግ ይግላል፤ እየተበላም ይሄዳል። እንጀራ ጋጋሪዋ ምጣዱን በጎመን ዘር የምታስሰው እንጀራው እንዳይጣበቅ ነው። የሞተር ዘይትም እንደዚሁ በሁለት ብረቶች መካከል እንደ ስስ ሽፋን ይገባና እንዳይፋተጉ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ጥቀርሻውንና የብረቱን ብናኝ ይሰበስባል።

ልብስ ያጠብንበትን ውሃ እናስብ። ቆሻሻውን የወሰደ ውሃ ራሱ ይቆሽሻል። በዚያው ውሃ ደጋግመን ብናጥብ ልብሱ አይጠራም። ያረጀ ዘይትም እንዲሁ ነው። ቆሻሻ የመሸከም አቅሙ ያልቃል፤ ብረቱንም መጠበቅ ያቅተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንወቅ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራል። ይህ ዘይቱ ጥቀርሻውን መሰብሰቡን ያሳያል እንጂ ተበላሸ ማለት አይደለም። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አይተን «ይቀየር» ወይም «ይቆይ» ማለት አንችልም። የሚፈርደው ኪሎሜትሩና ወሩ ነው።

ዘይት የሚገባው የት የት ነው?

እንደ ላንድክሩዘር ያለ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ዘይት የሚይዘው በሞተሩ ብቻ አይደለም። በአምስት ቦታ ይይዛል።

1. በሞተሩ ውስጥ፤
2. በካምቢዮው ውስጥ፤
3. ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ በሚያካፍለው ሳጥን ውስጥ፤
4. በፊት ዲፈረንሻል ውስጥ፤
5. በኋላ ዲፈረንሻል ውስጥ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው። አራቱ ከመኪናው ሆድ በታች ስላሉ ይረሳሉ። ጭቃው፣ ድንጋዩና የወንዙ ውሃ የሚያገኘው ግን እነሱን ነው። ደግሞም የሞተር ዘይትና የዲፈረንሻል ዘይት አንድ አይደሉም። የዲፈረንሻሉ ወፈር ያለ ነው፤ እርስ በርስ ተጫጭነው የሚሽከረከሩትን ጥርሶች እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ መጨመር መኪናውን ማበላሸት ነው።

መቼ ይቀየር?

ትክክለኛው መልስ ያለው ከመኪናው ጋር በመጣው መጽሐፍ ላይ ነው። የመኪናው ዓይነት ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል። ሆኖም አቧራ፣ ዳገትና ጭቃ በበዛበት አገር ለሚሠራ የናፍጣ ላንድክሩዘር የተለመደው ይህ ነው። የሞተሩ ዘይት ከነፊልትሮው በየ5,000 ኪሎሜትር ይቀየራል። መኪናው ብዙ ባይሄድም እንኳ 6 ወር ከሞላው ይቀየራል። ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይፈርዳል ማለት ነው።

የካምቢዮው፣ የማካፈያ ሳጥኑና የሁለቱ ዲፈረንሻሎች ዘይት ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል። በደህና መንገድ ለሚሄድ መኪና በየ40,000 ኪሎሜትር ይቀየራል። በጭቃና በውሃ ውስጥ ጭነት ይዞ ለሚሄድ ግን ግማሹን፣ ማለትም 20,000 ኪሎሜትር ሲደርስ መቀየር ይሻላል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ኪሎሜትሩ አይቆጥርም፤ ዘይቱ ግን ያረጃል። አምቡላንስ በሽተኛ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩን ሳያጠፋ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። እንዲህ የሚቆም መኪና ዘይቱ ከኪሎሜትሩ ቀደም ብሎ ቢቀየር መልካም ነው።

ወንዝ ከተሻገረ በኋላ

በክረምት መኪናው ጥልቅ ውሃ ይሻገራል። ሲሄድ የቆየ ዲፈረንሻል ይግላል። የጋለው ብረት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ሲኮማተር ከውጭ ይስባል፤ ውሃም በመተንፈሻውና በጎማ መዝጊያዎቹ በኩል ሊገባ ይችላል። ውሃ የገባበት ዘይት እንደ ወተት ሻይ ይነጣል። እንዲህ ያለ ዘይት ብረቱን አይጠብቅም፤ ብረቱም ይዝጋል።

ስለዚህ መኪናው ውሃው ዲፈረንሻሉን የሚያለብስ ወንዝ ከተሻገረ ኪሎሜትሩን አንጠብቅ። መካኒኩ በቶሎ ከፍቶ ይየው። ከነጣ ዛሬውኑ ይቀየር። ግሪስ የሚገባባቸው ቦታዎችም ውሃ ሲነካቸው ግሪሱ ታጥቦ ስለሚሄድ እንደገና ግሪስ ይሞሉ።

ቁጥሩን እንጻፍ

አሁን ማንበብና መቁጠር ወደሚጠቅመን ቦታ ደረስን። በሾፌሩ ፊት የሚታየው ቆጣሪ መኪናው ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ ይናገራል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ሦስት ነገር በደብተር ላይ ይጻፍ፤ ቀኑ፣ ቆጣሪው ያሳየው ቁጥርና የተቀየረው የዘይት ዓይነት።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። የሞተሩ ዘይት ሲቀየር ቆጣሪው 84,300 ያሳይ ነበር እንበል። 5,000 ስንደምርበት 89,300 ይሆናል። ቀጣዩ የመቀየሪያ ቁጥር ይኸው ነው። ዛሬ ቆጣሪው 88,750 ካሳየ የቀረው 550 ኪሎሜትር ብቻ ነው። አምቡላንሱ ሆስፒታል ደርሶ ሲመለስ 60 ኪሎሜትር የሚሄድ ከሆነ፣ የቀረው 9 ምልልስ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ዘይቱ አሁኑኑ መገዛት አለበት። አሥረኛይቱ እናት ስትጠራው «ዘይት የለም» ሊባል አይገባም።

ሾፌሩ በየማለዳው መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ ይይ። ዘንጉን ጠርጎ መልሶ ያስገባ፤ እንደገና ይምዘዝ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ ደህና ነው። ከታችኛው ካነሰ ይጨመር፤ ከላይኛው ግን አይለፍ። ሲበዛም ይጎዳልና።

ደብተሩን ማየት ሾፌሩን መጠራጠር አይደለም። እንዲያውም እሱን ማገዝ ነው። ሾፌሩ «ዘይት ይገዛ» ሲል ብቻውን ከሚጮህ፣ ኮሚቴው ቁጥሩን አይቶ አብሮት ቢጠይቅ በጀቱ ቶሎ ይፈቀዳል። ዘይት የሚቀየርበትም ቀን አስቀድሞ ይቆረጥ። በዚያ ግማሽ ቀን የጎረቤት ወረዳ አምቡላንስ እንዲጠባበቅ መንገር ይቻላል። ሞተሩ ከተበላ ግን መኪናው የሚቆመው ግማሽ ቀን አይደለም፤ መለዋወጫው እስኪገኝ ሳምንታትና ወራት ሊቆም ይችላል። ለሞተር ጥገና የሚወጣው ገንዘብም የብዙ ዓመት ዘይት ይገዛል።

የወጣው አሮጌ ዘይት በወንዝም ሆነ በእርሻ ላይ አይፈሰስ። ውሃውንና አፈሩን ይመርዛል። በቁስል ላይም ሆነ በከብት ቆዳ ላይ አይቀባ። በጀሪካን ተከድኖ ወደሚሰበስብ ጋራዥ ይመለስ።

ወገኖቻችን፤ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ሞተሩ ሳይቃጠል ዘይቱን እንቀይር። ይህን ለማድረግ መካኒክ መሆን አያስፈልገንም። ቆጣሪውን ማንበብ፣ ቁጥሩን መጻፍ፣ ጊዜው ሲደርስም «ደርሷል» ብሎ መናገር ይበቃል።

ጥያቄዎች

1. በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና በስንት ቦታ ዘይት ይይዛል?
2. በዲፈረንሻል ውስጥ ያለው ዘይት ነጥቶ ቢገኝ ምን ገብቶበታል? ምን ይደረጋል?
3. የሞተር ዘይት ሲቀየር ቆጣሪው 91,200 ያሳይ ነበር። በየ5,000 ኪሎሜትር የሚቀየር ከሆነ፣ ቀጣዩ የሚቀየረው ቆጣሪው ስንት ሲል ነው?