ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ቤተ ሰብ ረዳትነት የተነገረ ቃል



አእምሮ የሚለው ቃል በግዕዝ ማወቅ ማለት ነው። ስለዚህ የአእምሮ ሕመም ሲባል የማወቅ ሕመም እንደ ማለት ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ስብራቱን አውቆ ድረሱልኝ ይላል፤ አእምሮው የታመመ ሰው ግን ብዙ ጊዜ መታመሙን አያውቅምና ድረሱልኝ አይልም። የርሱ ማወቅ በደከመ ጊዜ ቤተ ሰቡ፥ ጎረቤቱና የነፍስ አባቱ ስለ እርሱ ሊያውቁለት ይገባል። ይህም ማወቅ ሁለት ነው፤ አንደኛው ሕመሙን ማወቅ፥ ሁለተኛው ረዳት የሚገኝበትን ስፍራ ማወቅ።

ጭፍራ ከሚሌ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ የቆላውና የደጋው ሰው የሚገናኙባት ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነት በደረሰባት ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን ትቶ ሸሸ፤ ከብቱ ያለቀበት፥ ዘመዱም የሞተበት ጥቂት አይደለም። የፈረሰ ቤት ተመልሶ ይሠራል፤ ፍርሃት ግን ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በሰው ልብ ተሸሽጎ ይቀራል። ሌሊት የሚባንነው፥ ድምፅ በሰማ ጊዜ የሚደነግጠው፥ ከሰው የሚርቀው ሰው ፈሪ ወይም ሰነፍ ተብሎ ይሰደባል፤ ነገር ግን እርሱን ያገኘው ሕመም ሊሆን ይችላል።

አንዲት እናት ትኑር እንበል። ልጅዋ እንቅልፍ አጣ፤ እህል ተወ፤ ማንም ሳይኖር ድምፅ ሰማሁ እያለ ለብቻው ይናገራል። እርስዋም ሰው እንዳይሰማ በሩን ዘጋች፤ ሕመሙ በጸናበትም ጊዜ በገመድ አሰረችው። ይህን ያደረገችው በጭካኔ አይደለም፤ ሐፍረትን ስለ ፈራችና የምትሄድበትን ስላላወቀች ነው። በሩ በተዘጋ መጠን ግን ሕመሙ ሥር ይሰዳል፤ እናቲቱ ትደክማለች፥ ታናናሾቹም ልጆች ይጎዳሉ። በአንድ ሰው የገባው ሕመም ቤቱን ሁሉ ያሳምማል።

በቀድሞ ዘመን እንዲህ ላለችው እናት መንገዱ እጅግ ሩቅ ነበረ። በአገራችን ለአእምሮ ሕሙማን ተለይቶ የቆመው ሆስፒታል፥ በ1930 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተመሠረተው አማኑኤል፥ ለብዙ ዓመታት ብቻውን ነበረ። በ1979 ዓ.ም. ግን የአእምሮ ሕሙማንን የሚረዱ ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ፤ እነርሱም በየአገሩ ወዳሉት ሆስፒታሎች ተላኩ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማስተማር ጀመረ። በኋላም በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ በተደረገው ምርምር፥ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች በሚገባ ቢሠለጥኑ ጽኑ ሕመም ያለበትን ሰው በመንደሩ አጠገብ ሊረዱት እንደሚችሉ ታወቀ።

እንግዲህ የመንገዱ ሥርዓት እንዲህ ነው። አስቀድሞ ነገሩን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም በአቅራቢያ ላለው ጤና ጣቢያ መንገር ነው። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፥ እንቅልፉና ምግቡ እንዴት እንደ ሆነ፥ ጫት ወይም መጠጥ እንዳለበት ሳይደብቁ መናገር ይገባል። ነገሩ ከጤና ጣቢያው ዐቅም በላይ ቢሆን የሪፈር ወረቀት ተቀብሎ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ወደ ምሥራቅ በሰመራ አጠገብ የዱብቲ ሆስፒታል አለ፥ ወደ ምዕራብም ወልድያና ደሴ አሉ። ድኻ ገንዘቡን በከንቱ እንዳይጨርስ፥ የአእምሮ ሕመም ባለሙያ የሚገኝበትን ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ። መድኃኒቱንም ተሻለኝ ብሎ በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ፤ ብዙ ሕመም የሚመለሰው በዚህ ነውና። ራሱን ለመግደል የሚናገር ሰው ቢኖር ግን ነገ አይባልም። ብቻውን አይተውት፤ ገመድን፥ መርዝንና መሣሪያን ከፊቱ አርቀው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ያድርሱት።

የጸበልና የመድኃኒት ነገር ብዙ ሰውን ያከራክራል። ነገር ግን ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋራ እንዲወስዱ መክረዋል። ይህ ምክር ለአእምሮ ሕመምተኛም ይስማማዋል። የካህን ቃል በሕመምተኛ ቤት እጅግ የከበደ ነው፤ ክኒኑን ተው የሚል አንድ ቃል ሰውን ሊያጠፋ፥ ክኒኑን ውጠህ ና፥ ጸሎቱም አይቀርብህ የሚል ቃል ደግሞ ሊያድነው ይችላል።

ሐኪም መድኃኒቱን ይሰጣል እንጂ ሌሊቱን ሁሉ አብሮ አያድርም። ስለዚህ የጎረቤት ሥራ ይቀራል። ዕድር ለሞተ ሰው ድንኳን እንደሚተክል፥ በሕይወት ላለው ሕመምተኛ ለመንገዱ ስንቅ ቢያዋጣ፥ ሴቶቹም ተራ ገብተው እናቲቱን አንድ ቀን ቢያሳርፉአት፥ ይህ ከባድ ነገር አይደለም። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. መቄዶንያን በአዲስ አበባ በወላጆቹ ቤት ሲጀምር ጥቂት ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ይዞ ነበረ፤ ዛሬ ግን እጅግ ብዙ ሰዎች በዚያ ይጦራሉ።

የአፋር ወንድሞች ዳጉ የሚሉት መልካም ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ቢገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ፤ የሐሰት ወሬ ማውራት ነውር ነው። ውኃ ያለበት ስፍራና ዝናም የጣለበት አገር በዚህ ይታወቃል። ሐኪም ያለበትም ስፍራ እንዲሁ ይነገር። በዚህ ነገር ክርስቲያንና እስላም አይለያዩም፤ ሕመሙ የሁሉንም ደጅ ይመታልና።

በጌርጌሴኖን አገር በመቃብር መካከል ይኖር የነበረው፥ በሰንሰለት ሲያስሩት ይበጥስ የነበረው ሰው፥ አእምሮው በተመለሰለት ጊዜ ጌታን ሊከተል ለመነ። ጌታ ግን ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ ሰደደው። ከዚህ የተነሣ ፈውስ የሚፈጸመው ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ በቤተ ሰቡ መካከል በክብር በተቀመጠ ጊዜ እንደ ሆነ ይታወቃል። እንግዲህ በጭፍራ የተዘጋ በር ያለ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ የሚያንኳኳው ካህኑና ጎረቤቱ ይሁን፤ በእጁም ገመድ ሳይሆን የጤና ጣቢያውን መንገድ የሚያሳይ ምክር ይያዝ።