የተከማቸ ሰው ሠራሽ የባሕር ጨው፦ እርጥበትና በምርምር ላይ የሚያስከትለው ስሕተት



ባሕር በሌለው ሀገር ስለ ባሕር ጨው አከመቻቸት ንግግር ማድረግ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። ይሁን እንጂ የአርቴሚያ እንቁላል አስፈልፍሎ የዓሣ ጫጩት የሚመግብ፣ አንድ ፍጡር ምን ያህል ጨዋማነት እንደሚቋቋም የሚፈትን፣ ወይም ለማስተማሪያ የባሕር አኳሪየም የሚያቋቁም ቤተ ሙከራ ሁሉ ከዚህ ጨው ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ጨው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከወራት ጥበቃ በኋላ ይደርሳል፤ ክረምት አልፎ ከረጢቱ ሲከፈት ግን እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ጥፋት ሊደርስ ይችላል። አንደኛው ለሥራ የሚበቃውን ጨው መጣል ነው። ሁለተኛውና የከፋው፣ የረጠበውን ጨው እንደ ደረቅ መዝኖ የተገኘውን ውጤት በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ማስፈር ነው።

ጨው ለምን ይረጥባል? ከአየሩ አንጻራዊ እርጥበት አንጻር እያንዳንዱ ጨው የራሱ ወሰን አለው። አየሩ ከዚያ ወሰን በላይ ሲረጥብ ጨው ከአየር ውሃ እየሳበ መሟሟት ይጀምራል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የንጹሕ ሶዲየም ክሎራይድ ወሰን 75 በመቶ ያህል ነው። የማግኒዥየም ክሎራይድ 33 በመቶ ያህል ሲሆን የካልሲየም ክሎራይድ ከዚያም ያንሳል። ይህ ባሕርይ እጅግ የታመነ ከመሆኑ የተነሣ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያዎችን ለማስተካከል የእነዚህ ጨዎች ሙሉ ሙሌት ያለው ሙሙት ያገለግላል። ጨዎቹ ሲደባለቁ ደግሞ የድብልቁ ወሰን ከእያንዳንዳቸው ወሰን ዝቅ ይላል። በአዲስ አበባ የሐምሌና የነሐሴ ጠዋት አየር 75 በመቶን ያለ ችግር ያልፋል፤ የወጥ ቤታችን ጨው በክረምት የሚረጥበውም ስለዚህ ነው። የባሕር ጨው ድብልቅ ግን ክረምትን አይጠብቅም፤ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ክዳኑ ክፍት ከሆነ ይጠጣል። አሞሌ ገንዘብ በነበረበት ዘመን ነጋዴው ሀብቱን ከዝናብ መሸሸግ ነበረበት፤ እኛም በሌላ መልኩ እዚያው ላይ ነን።

ይህን ችግር የቀደሙት ተመራማሪዎች በሚገባ ተረድተውታል። ኬስተርና ሦስት ባልደረቦቹ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የሰው ሠራሽ ባሕር ውሃ አዘገጃጀት ጨዎቹን በሁለት ከፍለዋቸዋል። ሶዲየም ክሎራይድን፣ ሶዲየም ሰልፌትን፣ ፖታሲየም ክሎራይድንና መሰሎቻቸውን በሚዛን እንድንለካ አዘዙ። የማግኒዥየም፣ የካልሲየምና የስትሮንቲየም ክሎራይዶችን ግን መጠናቸው በታወቀ ሙሙት መልክ አዘጋጅተን በይዘት እንድንለካ አደረጉ። እነዚህ ጨዎች የሚይዙት ውሃ ስለሚለዋወጥ ሚዛን አይታመንባቸውም። ፋብሪካ የሚሸጥልን ድብልቅ እነዚህን ሁለት ወገኖች በአንድ ከረጢት ያኖራቸዋል። ለገዢው ምቹ ነው፤ ለአከማቹ ግን ፈተና ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። አንድ ተማሪ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ ውስጥ 35 ግራም ጨው እንዲኖር ይፈልጋል እንበል። ከመዘነው ክብደት 10 በመቶው ከአየር የተሳበ እርጥበት ከሆነ፣ የጨመረው እውነተኛ ጨው 31.5 ግራም ብቻ ነው። የጨዋማነት መቻልን ለሚያጠና ሰው ይህ ልዩነት መደምደሚያውን ይገለብጣል። ስለዚህ ሚዛን ለመነሻ ያህል ብቻ ያገልግል፤ የመጨረሻውን ቃል ሪፍራክቶሜትር ወይም የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ መለኪያ ይናገር። በጽሑፋችሁም ላይ የተለካውን እንጂ የተመዘነውን አታስፍሩ።

ከክብደት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ኬሚስትሪው ነው። ጨው ሲረጥብ በቅንጣቶቹ መካከል እጅግ የጠነከረ ብሪን ይፈጠራል። በዚያ ጠባብ ቦታ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ተገናኝተው ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ኖራ ድንጋይ፣ ይሆናሉ። ይህ ዝቃጭ በኋላ በውሃ ሲበጠበጥ በቀላሉ አይመለስም። ውሃው ይደፈርሳል፤ አልካላይነቱም ይወርዳል። ጨዋማነቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ውሃው የተዛባ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ የጠጠረው ከረጢት ይጣል? አይጣል፤ ይፈተን። ከጠጠረው ላይ ጥቂት ሰብራችሁ በንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ አየር እየነፋችሁ አንድ ቀን አቆዩት። ከጠራና አልካላይነቱ ከደረቁ ጨው ጋር ከተመሳሰለ ለሥራ ይበቃል። ነጭ ዝቃጭ ከቀረበት ለአርቴሚያ ማስፈልፈያ ይሁን እንጂ ለኮራል አይሁን። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የገባው ውሃ ጨውን አላስወጣም። ከረጢቱ ሳይነካ ከቆየና ፈሳሽ ካልፈሰሰበት፣ ሙሉውን በአንድ ጊዜ በመለያው ላይ ለተጻፈው የውሃ መጠን መበጥበጥ ከፊሉን ከመመዘን ይሻላል። ከባልዲው ሥር የተጠራቀመውን ፈሳሽ ደግሞ ውሃ ነው ብላችሁ አትድፉ፤ በማግኒዥየምና በካልሲየም የበለጸገው ክፍል እርሱ ነው።

ብዙዎች የረጠበ ጨው ሲያዩ ወደ ማድረቂያ ምድጃ ይሮጣሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሙቀት ባይካርቦኔቱን ያፈርሰዋል፤ ከ100 ዲግሪ በላይ ሲያልፍ ደግሞ ውሃ አዘሉ ማግኒዥየም ክሎራይድ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ሊለቅ ይችላል። ከምድጃው የሚወጣው ጨው ደረቅ ነው፤ የገባው ጨው ግን አይደለም።

አከመቻቸቱ ራሱ ቀላል ነው። ጨው ከነከረጢቱ የጎማ ማሸጊያ ባለው ባልዲ ውስጥ ይቀመጥ። ባልዲው ከሲሚንቶ ወለልና ከውጭ ግድግዳ ርቆ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ይሁን፤ ውሃ ከሚተንበት የአኳሪየም ክፍል ውስጥ ግን ፈጽሞ አይሁን። ትልቅ ከረጢት እንደደረሰ፣ በደረቅ ቀን በደንብ አገላብጣችሁ ደቃቁን ከሻካራው ካዋሐዳችሁ በኋላ፣ ለአንድ ጊዜ ሥራ በሚበቃ መጠን ከፋፍላችሁ አሽጉት፤ በእያንዳንዱም ላይ የታሸገበትን ቀንና ክብደት ጻፉ። ሲሊካ ጄል በከረጢቱ ይጨመር፤ ክዳኑ ለሚያፈስ ባልዲ ግን ጥቅሙ የጥቂት ቀን ነው። ካልሲየም ክሎራይድ የሆነውን እርጥበት መጣጭ አትጠቀሙ፤ ሲጠግብ ይቀልጥና ጨው ላይ ይፈስሳል። ሩዝ ለገበታ ጨው የተለመደ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አቅሙ ደካማ ነው።

ከቀዝቃዛ መጋዘን የመጣን ባልዲ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳትከፍቱ አቆዩት፤ አለበለዚያ ጤዛው ከውስጥ ነው የሚወርደው።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እተዋለሁ።