ወረንጦና በጀት

በአማራ ክልል ገጠር ወረንጦ እሾህ ማውጫ ብቻ አይደለም። ትራኮማ፣ በአገሬው አጠራር የዓይን ማዝ፣ ደጋግሞ የያዘው ሰው ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን ይፈገፍገዋል። ሰዎች ፀጉሩን በወረንጦ ይነቅሉታል፤ እሱም መልሶ ይበቅላል።

ትራኮማን ለማጥፋት ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ፊት መታጠብና የአካባቢ ንጽሕና ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጤና ቢሮ ይችላቸዋል፤ በዘመቻ የሚታደለውን አዚትሮማይሲን ፋይዘር በነፃ ይሰጣል፣ ካርተር ማዕከልም ከክልሉ ጋር ለዓመታት ሠርቷል።

ነገሩ የሚከብደው ከዚያ ወዲያ ነው። ፊት የሚታጠበው በውኃ ነው፤ ውኃው ደግሞ የሌላ ቢሮ በጀት ነው። ሽንት ቤቱ የወረዳው፣ ተማሪው የትምህርት ቢሮው። በሽታውን የምታዛምተው ዝንብ ግን የቢሮ ወሰን አታውቅም! ስለዚህ የዓይን ሐኪሞች ደጅ መጥናት ያለባቸው በጤና ቢሮ ብቻ አይደለም፤ በጀት በሚያጸድቀው ምክር ቤትም ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓይን ጤናን የልማት ጉዳይ ያደረገ ውሳኔ አሳልፏል። ያንን ወረቀት ይዞ ምክር ቤት የሚገባ ሰው ጥያቄው አጭር ቢሆን ይሻላል፦ ዘንድሮ የትኛው ቀበሌ ነው የውኃ ጉድጓድ የሚቆፈርለት?