የጆሮ መግልና የማይታየው የደም ግፊት
(በነገሌ ቦረና ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴ አባላትና ለጤና ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎ፣ ከሜጋ እስከ ሞያሌ ስለ ልማት በተነጋገርን ቁጥር ቀድሞ የሚነሣው ውኃ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ያለፉበት አገር ውኃን ማስቀደሙ ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገርላቸው ስለሚቀሩ ሁለት ጉዳዮች እንናገራለን፤ አንዱ የመካከለኛው ጆሮ ሕመም ነው፤ ሁለተኛው የልብንና የደም ሥርን በሽታ የሚያባብሱ ምክንያቶች ናቸው።

መካከለኛው ጆሮ ከታምቡሩ በስተ ጀርባ ያለ፣ አየር የያዘ ትንሽ ክፍል ነው። ከአፍንጫ ጀርባ ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። በሕፃናት ዘንድ ይህ ቱቦ አጭርና አግድም ስለሆነ ጉንፋን ሲይዛቸው ተሕዋስያን በቀላሉ ይሻገራሉ። መግሉ ሲጠራቀም ታምቡሩ ይበሳል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ስለሚቀል ወላጅ «ተሻለው» ብሎ ይረጋጋል። ፈሳሹ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ሕመሙ ሥር ሰዷል፤ መስማትንም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በተለያየ ደረጃ የመስማት ችግር አለባቸው። በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር ደግሞ 60 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት የሚቻል ነው።

ይህ ከልብና ከደም ግፊት ጋር ምን ያገናኘዋል? በሦስት መንገድ መመልከት ይቻላል።

አንደኛው የጋራ ምክንያት ነው። የትምባሆ ጭስ የአጫሹን የደም ሥር ይጎዳል፤ በዚያው ቤት ያለውን ሕፃን ደግሞ ለጆሮ ሕመም ያጋልጣል። የስኳር በሽታም የደም ሥርን ያበላሻል፤ ቁስል ቶሎ እንዳይድን፣ መግልም እንዳይደርቅ ያደርጋል። ስለዚህ በጎልማሳ ሰው ጆሮ ላይ የማይደርቅ ፈሳሽ ሲታይ ስኳሩን መመርመር ይገባል።

ሁለተኛው የውስጠኛው ጆሮ ነው። ይህ ክፍል ደም የሚያገኘው ምትክ በሌላት በአንዲት ቀጭን የደም ሥር ነው። የደም ግፊት፣ ስኳርና ትምባሆ ይህችን ሥር ሊጎዱ ይችላሉ። መግል መስማቱን የቀነሰበት ሰው በዚህም በኩል ከተጎዳ ጉዳቱ ድርብ ይሆንበታል።

ሦስተኛው ሥር የሰደደ ብግነት ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ብግነት የደም ሥር መጥበብን እንደሚያግዝ በሌሎች ሕመሞች ታይቷል። በጆሮ በኩል ግን አብሮ መገኘት ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ስለዚህ «የጆሮ መግል ልብ ያቆማል» ብለን ሕዝብን አናስደንግጥ፤ «ጆሮህ ሲደርቅ ግፊትህ ይድናል» ብለንም ተስፋ አንስጥ።

በሕፃናት በኩል ከልብ ጋር ያለው የታወቀ ግንኙነት የጉሮሮ ነው። ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ቁስለት የልብን በሮች የሚጎዳ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ለጆሮ የመጣ ሕፃን ጉሮሮውም ይታይለት።

በተግባር ምን እናድርግ? ለጆሮው ሲል ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ ጎልማሳ ሁሉ ግፊቱ ይለካ። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ደግሞ ይለካ። ብዙ ሰው ግፊቱን የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው፤ የጆሮ ሕመም ግን ቀድሞ ያመጣዋል፤ ይህን አጋጣሚ አናባክነው። የአፍንጫ መታፈንን የሚከፍቱ አንዳንድ ክኒኖች ግፊትን ከፍ ስለሚያደርጉ ግፊት ያለበት ሰው ባለሙያ ሳይጠይቅ ከመድኃኒት መደብር አይግዛ።

በሚመግል ጆሮ ቅቤ፣ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ አይፍሰስ። ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በጆሮው በር እየገባ፣ ሲርስ እየተለወጠ በቀን ሦስት ጊዜ ይድረቅ፤ ከዚያም በባለሙያ የታዘዘው ጠብታ ይደረግ። ከጆሮ ጀርባ እብጠትና ሕመም ከታየ ግን ወደ ሆስፒታል ለመሄድ ሰዓት አይባክን። ታምቡሩ የተበሳ ሰው በኩሬ አይዋኝ፤ ጠበል ሲጠመቅም ቫዝሊን በተቀባ ጥጥ ጆሮውን ቢደፍን ከበረከቱ አይጎድልበትም። አባቶች ይህን ብትነግሩት ከእኛ ይልቅ እናንተን ይሰማል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስባለን። በእነዚህ ከተሞች ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። መስማቱ የደከመ ሰው የግፊት መድኃኒት አወሳሰድ ሲነገረው ራሱን ይነቀንቃል፤ ተረዳ ብለን እናሰናብተዋለን፤ እርሱ ግን ምንም አልሰማም። ስለዚህ ፊቱን እያየን በሚያውቀው ቋንቋ ቀስ ብለን እንንገረው፤ የነገርነውንም መልሶ እንዲነግረን እንጠይቀው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነፍስ ግን ያተርፋል።